ከጥሪ እስከ በር

ሰኔ 3 ቀን 2005

አማካሪዬ ዶክተር ፈየራ "ደብተር ግዢ" አለኝ፤ ገዛሁ። "ጥናት የሚሠራ ሰው ቁጥር ብቻ አይሰበስብም። ያየሽውን፣ የሰማሽውን፣ ያናደደሽንም ጻፊ፤ ኋላ ይጠቅምሻል" ነው ያለኝ። ያናደደኝን ሁሉ ከጻፍኩማ አንድ ደብተር የት ይበቃኛል!

ለማንኛውም ርዕሴ ጸድቋል። እዚሁ ካዛንቺስ አምቡላንስ ጣቢያ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት በነርስነት ሠርቼ፣ በሠላሳ አራት ዓመቴ ማስተርሴን ልይዝ ነው። የማጠናው ይኸን ነው፦ ሰው ስልክ ከደወለበት ደቂቃ ጀምሮ እኛ አጠገቡ እስክንደርስ ስንት ደቂቃ ያልፋል? ሆስፒታል ውስጥ የሚሆነውን ሁሉም ያጠናዋል፤ አልጋው አለ፣ ካርዱ አለ፣ ፕሮፌሰሩ አለ። እቤቱ ወለል ላይ፣ አስፋልት ላይ፣ ሚኒባስ ወንበር ላይ የሚሞተውን ግን ማን ቆጠረው? እኔ እቆጥረዋለሁ። በቃ።

የጣቢያው ኃላፊ አቶ መዝገቡ የትብብር ደብዳቤዬን ፈርመው ማህተም መቱበት። ደስ ብሏቸዋል። "የእኛ አማካይ ዘጠኝ ደቂቃ ነው፤ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት እናደርጋለን። አሁን በሳይንስ ይረጋገጣል" አሉኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ።

ሰኔ 6

ጎተራ ኮንዶሚኒየም። የስኳር ሕመምተኛ ሴትዮ ራሷን ስታ ወድቃለች ተባልን። ብሎኩን ለማግኘት ሹፌራችን ጋሽ ገብረመስቀል መስኮት አውርደው ያገኙትን ሁሉ ጠየቁ፤ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ላከን። አራተኛ ፎቅ። ግሉኮስ በደም ሥሯ ሰጠኋት፤ ዓይኗን ገለጠችና መጀመሪያ ያለችው "በጫማችሁ ምንጣፌ ላይ ቆማችኋል" ነው። ልጇ ሳቀም አለቀሰም። እኔ ይኸን ሥራ ለምን እንደምወደው ለሚጠይቀኝ ሰው ይቺን ሴትዮ ነው የማሳየው።

ሰኔ 9

ከመስከረም እስከ ግንቦት ከተሞሉት የስምሪት ቅጾች ሁለት መቶ በእጣ ይወጣሉ። ኮምፒውተሩ ቁጥር ይሰጠኛል፣ እኔ ቅጹን ከፋይል እመዛለሁ።

ኮምፒውተሩ 417 አለ።

ዘለልኩት። የታካሚው ዕድሜ አልተሞላበትም፤ መስፈርቱን አያሟላም። በሌላ ቁጥር ተካሁት። ይኸ የተፈቀደ ነው፣ ፕሮፖዛሌ ላይ ተጽፏል።

ወደ ቤት ስመለስ በላይኛው መንገድ ዞርኩ። የታችኛው ጭቃ ነው።

ሰኔ 10

ሁለቱም ጭቃ ነው። ምን ቸገረኝ።

ሰኔ 13

ይኸን ጉድ በደንብ ጽፌ ላስቀምጠው፤ ኋላ ለሚያነበው ቀልድ እንዳይመስለው።

የዛሬ ሁለት ዓመት አንዱ ሹፌር አምቡላንሱን ይዞ የዘመዱን ሙሽሮች አጀበ። ሳይረኑን እያስጮኸ! አቶ መዝገቡ ከዋናው መሥሪያ ቤት ተግሣጽ ደረሳቸው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ተሽከርካሪ ያለ መውጫ ወረቀት ከግቢ አይወጣም። ወረቀቱን የሚፈርሙት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ማህተሙ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የመሳቢያው ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ ነው። እሳቸው ስብሰባ ከሆኑ ስብሰባው እስኪያልቅ ነው። ምሳ ከሆኑ ምሳው እስኪያልቅ ነው። ዘበኛው ወረቀት ሳያይ በር ቢከፍት ከሥራው ይባረራል። እና እኛ ሞተር አስነስተን፣ ቃሬዛ ጭነን፣ በሩ ሥር እንቆማለን።

ቅጹ ላይ ደግሞ "ጥሪ የደረሰበት ሰዓት" የሚል ቦታ አለ። ደንቡ በወጣ ሰሞን "ለምን ዘገያችሁ" ተብለው የሚወቀሱት ሹፌርና ነርስ ሆኑ። ጋሽ ገብረመስቀል ናቸው ዘዴውን ያስተማሩኝ፦ "ሲስተር፣ በሩ ሲከፈት ሰዓትሽን እዪ። አንድ ደቂቃ ቀንሺና ጥሪ ብለሽ ጻፊው። ከዚያ በፊት ያለው የቢሮ ነው፣ እኛን አይመለከትም።" ሁሉም እንዲያ ነው የሚሞላው። ዘጠኝ ደቂቃ የምንባለውም በዚህ ነው።

ይኸን ዛሬ አይደለም ያወቅኩት። ግን ያኔ ተመራማሪ አልነበርኩም፣ ነርስ ነበርኩ። ነርስ የተባለችውን ትሞላለች።

ሰኔ 17

ዙለይካ! ዙለይካ! ዙለይካ!

ስልክ ተቀባያችን ናት። አንድ ጊዜ "ስልክ አይነሳም" ተብሎ ያለ ጥፋቷ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። ከዚያ ወዲያ ራሷን ለመከላከል እያንዳንዱን ጥሪ በግሏ ደብተር ትጽፋለች፤ ሰዓቱን፣ ስልኩን፣ ሰፈሩን። ስድስት ደብተር ሞልታለች። ዛሬ ምሳ ስንበላ እንደ ዋዛ ነገረችኝ። እንጀራው እጄ ላይ ቀረ።

"አሳዪኝ" አልኳት።

"ምን ያደርግልሻል? ማህተም የለውም" ብላ ሳቀች።

ሃያ ቅጽ አመሳከርኩ። ቅጹ ስምንት ደቂቃ ያለው፣ ከደብተሯ ሠላሳ አንድ ነው። ቅጹ አሥራ አንድ ያለው፣ ሃያ ስድስት ነው። ስታዲየም አካባቢ ለባቡሩ የተቆፈረውን ስንረግም የከረምነው በከንቱ ነው። መንገዱ አይደለም። በሩ ነው።

ሰኔ 22

የአቶ ፀሃዬ አርባ ነበር። በአንድ እድር ነን፣ ካልሄድኩ ሰው ምን ይላል። አባባ "ነጠላሽን አዘቅዝቂ" አለኝ፣ አዘቀዘቅኩ፣ ሄድኩ።

ፀሃዬ ልብስ ሰፊ ነበር። ከጣቢያችን በታችኛው መንገድ ስድስት ደቂቃ በእግር። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን የሰፋልኝ እሱ ነው። አስም ነበረበት።

ድንኳኑ ውስጥ ሳህን እያቀበልኩ ነው የሰማሁት። ከመቀሌ የመጣው ወንድሙ አቶ መሓሪ ለሽማግሌዎቹ ይናገራል፦ "ወረቀቱ አለ። ለሞት ምስክር ወረቀት ብዬ ከአምቡላንሶቹ ኮፒውን አውጥቻለሁ፣ ማህተም ያለበት። ጥሪ ስምንት ከአርባ አንድ፣ ደረሱ ስምንት ከአርባ ስድስት። ሰዎቹ በአምስት ደቂቃ ደርሰዋል፣ እግዜር ይስጣቸው። ወንድሜ መታፈን የጀመረው ግን ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሴትዮዋ አርባ ደቂቃ ምን ስትሠራ ነበር?"

ሴትዮዋ ሚስቱ አስቻለች ናት። ወለሉ ላይ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ከሦስት ሜትር አይበልጥም። ሰምታለች። አንገቷን ደፍታ "እኔ እንደሚመስለኝ የስምንት ሰዓቱ ዜና እንዳለቀ ነው የደወልኩት" አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ወረቀቱ እንዲያ ካለ ግን እኔ እሆናለሁ የተሳሳትኩት። ደንግጬ ነበራ" አለች።

ሳህኑን አስቀምጬ ወጣሁ። ተረኛ ነኝ አልኳቸው። ተረኛ አልነበርኩም።

ሰኔ 23

ዛሬ የምጽፈው የለም።

ሰኔ 28

ሁለት መቶውን ጨረስኩ። በዙለይካ ደብተር የተገኙት 183። እንደ ቅጹ አማካዩ ዘጠኝ ደቂቃ። እንደ ደብተሯ ሃያ ስምንት። አሥራ ዘጠኙ ደቂቃ የሚያልፈው በሩ ሥር ነው፣ ሞተር እየሠራ።

ለዶክተር ፈየራ አሳየሁት። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ነገሩ ከባድ ሲሆን ነው እንዲህ የሚያደርገው።

"ማዕዛ፣ ይኸ ትልቅ ነገር ነው። ይኸን ካወጣሽ ግን ጣቢያው አይስቅልሽም።"

"ሲስቅልኝም አላየሁት።"

ሳቀ። መነጽሩን መልሶ አደረገና "ከቅጾቹ ስንቱን የሞላሽው አንቺ ነሽ?" አለኝ።

"ሠላሳ ሰባት።"

"እሱንም ትጽፊዋለሽ?"

"እጽፈዋለሁ፣ ማለቴ፣ 'ከመረጃ ሰብሳቢዎቹ አንዷ የጣቢያው ባልደረባ ነበረች' ብዬ።"

"እንደዚያ አይደለም የጠየቅኩሽ" አለ።

ጥያቄ መጠየቅ ለሱ ቀላል ነው። በር ሥር ቆሞ አያውቅም።

ሐምሌ 4

አቶ መዝገቡ ጠሩኝ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ እዚህ ግቢ ውስጥ ግድግዳው ያወራል። ወንበር ሰጡኝ፣ ይኸ ራሱ ደግ ምልክት አይደለም።

"ማዕዛ፣ አንቺ የቤት ልጅ ነሽ። የቤት ልጅ ቤቷን አታሳጣም።"

"እኔ ደቂቃ ነው የቆጠርኩት፣ አቶ መዝገቡ።"

"ከምን ላይ? ስልክ ተቀባይዋ ከሞነጫጨረችው ላይ? ማህተም አለው?"

"የለውም።"

"አየሽ! ቅጹ ግን አለው። ሳይንስ የሚሠራው በሕጋዊ ሰነድ ነው።"

"የሞተው ሰው ማህተም አለው ወይ?" ማለት ነበረብኝ። ከቢሮው ወጥቼ እጄን ስታጠብ ነው የመጣልኝ። ሁሌ እንዲህ ነኝ፣ መልሴ ከኋላዬ ይደርሳል።

ግን አንድ ነገር አልኩ፦ "ማህተሙን ለዘበኛው ለምን አይሰጡትም?" አልኳቸው። እኚህ ሰውዬ እናታቸው የተሰደበችባቸው ነው የመሰሉት።

ሐምሌ 11

እስከ አጥንቴ ርሻለሁ።

ጠዋት 4፡20፣ ቡልጋሪያ ሰፈር፣ ከሕንጻ መወጣጫ ላይ ሰው ወደቀ። ሞተሩ ተነሳ፣ በሩ እንደተዘጋ ነው፣ አቶ መዝገቡ ዋናው መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ናቸው። ጋሽ ገብረመስቀል መሪውን ይዘው ጋዜጣ ገለጡ። ጋዜጣ! የሰውዬው ጥፋት አይደለም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያነበብነው እዚያው ነው።

ቦርሳዬን አነሳሁ። የአንገት ደጋፊውን ብብቴ ሥር ወተፍኩ።

"ሲስተር፣ የት ነው?"

"ቡልጋሪያ።"

"በምን?"

"በእግሬ፣ በታክሲ፣ በምን ቸገረዎት! ለሰው መውጫ ወረቀት አያስፈልግም፣ የሚያስፈልገው ለተሽከርካሪ ነው። ደንቡን ያንብቡት!"

ከትልቁ በር ጎን ባለችው በትንሿ የእግረኛ በር ወጣሁ። ዘበኛው ወደ ሰማይ አየ፣ እኔን እንዳላየ። ዝናቡ ይወርዳል። ላዳ አስቆምኩ፣ ሹፌሩ ነጭ ጋዋኔን ሲያይ ሒሳብም አልጠየቀኝ፣ በጠባቡ መንገድ ሹልክ ሹልክ እያለ ወሰደኝ። 4፡31 ደረስኩ። አሥራ አንድ ደቂቃ! ሠራተኞቹ የወደቀውን ልጅ አንስተው፣ አጥፈው ሚኒባስ ውስጥ ሊያስገቡት እየታገሉ ነው። "ልቀቁት!" ብዬ ጮህኩ፤ እንደዚያ መጮህ እንደምችል አላውቅም ነበር። አንገቱን አሰርኩ፣ የሚደማውን አፈንኩ፣ እግርህን አንቀሳቅስ አልኩት፣ አንቀሳቀሰ። በዚያ ሁኔታ አጥፈውት ቢሆን ኖሮ ዛሬ አያንቀሳቅስም ነበር።

አምቡላንሱ 4፡52 መጣ። ጋሽ ገብረመስቀል ወርደው ቃሬዛውን በአንድ በኩል ያዙ፣ ቀና ብለው አላዩኝም።

ሐምሌ 12

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። እዚህ ልገልብጠው፣ ከሕይወቴ ምርጥ ደብዳቤ ነው፦

"ሲስተር ማዕዛ ሃብተአብ በ11/11/05 ከጠዋቱ 4፡20 ሰዓት ጥሪ መድረሱ እየታወቀ፣ የመውጫ ፈቃድ እስኪሰጥ ሳትጠብቅ በ4፡22 ሰዓት በግል ፈቃዷ ከግቢ በመውጣት የሥራ ዲሲፕሊን ጥሳለች።" ፊርማ። ማህተም።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ሮጬ ፋይል ክፍል ገብቼ በእኔ ምትክ የወጣችው ነርስ የሞላችውን የትናንቱን ቅጽ አየሁ። ጥሪ የደረሰበት ሰዓት፦ 4፡43። ማህተም።

ወይ ጉድ! አንድ ማህተም፣ አንድ ጥሪ፣ ሁለት ሰዓት! እኔን ለመክሰስ ሲሆን እውነተኛው ደቂቃ ይታወቃል። እኔን ለመክሰስ ሲሆን ዙለይካን ጠርተው ደብተሯን ያስወጣሉ። አባሪ አደርገዋለሁ። አባሪ አንድ! ዶክተር ፈየራ በስልክ ስነግረው ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም።

ከዚህ ወዲያ የሚያስፈራኝ የለም።

ሐምሌ 14፣ እሁድ ከሰዓት

ውሸት ጻፍኩ። አንድ የሚያስፈራኝ አለ።

ከጠዋት ጀምሮ ይዘንባል፤ አባባ ቤተ ክርስቲያን ነው። እንግዲህ ልጻፈው። ያዘዘኝ ዶክተር ፈየራ አይደለም፣ ማንም አይደለም።

ግንቦት 12፣ ሰኞ። ዙለይካ መስኮቷን ከፍታ "ልብስ ሰፊው ፀሃዬ ነው፣ መተንፈስ አቅቶታል!" አለችን። 8፡10 ነው። ደብተሯ ላይ አይቼዋለሁ፤ እንዲያውም መጀመሪያ የከፈትኩት ያንን ገጽ ነው፣ ሰኔ 17 ላይ ይኸን አልጻፍኩም። ኦክስጅኑ መኪናው ውስጥ ነበር። የሚተነፈሰው መድኃኒት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። በእግር ስድስት ደቂቃ፣ በሩጫ ሦስት። አቶ መዝገቡ ከምሳ አልተመለሱም።

መኪናው ውስጥ ተቀመጥኩ። ሠላሳ ሁለት ደቂቃ ተቀመጥኩ። እና ምን አደርግ ነበር? ፕሮፖዛሌን አነብ ነበር። በቀይ እስክሪብቶ አሰምርበት ነበር። "ከሆስፒታል ውጭ በሚሰጥ የድንገተኛ ሕክምና እያንዳንዱ ደቂቃ ወሳኝ ነው" የሚለው ሥር አሰመርኩ። ይኸን አደረግሁ። እኔ፣ ማዕዛ።

በትንሿ በር መውጣት እንደሚቻል ግንቦት ላይም አውቅ ነበር። ያው በር ነው። ሐምሌ ላይ የወጣሁት ጀግና ስለሆንኩ አይደለም፣ ስለ ግንቦት ነው።

ስንደርስ ከንፈሩ ጠቁሯል። አስቻለች ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ በጋዜጣ ታራግብለታለች። "መጣችሁ? እግዜር ይስጣችሁ" አለችን። እግዜር ይስጣችሁ! ስታዲየም ሳንደርስ አረፈ። እኔም ቅጹን አወጣሁ፣ ቁጥር 417፣ ጥሪ 8፡41 ብዬ ጻፍኩ። ዕድሜውን ያልሞላሁት ስለማላውቀው አይደለም፣ ሃምሳ ሁለቱ ነው። እጄ አልታዘዝ አለኝ።

አሁን ያንን ቁጥር አቶ መሓሪ ኪሱ ውስጥ ይዞታል፤ እሷም አመነችው። ወረቀቱ እንዲያ ካለ እኔ ነኝ አለች። እኔ ነኝ የሠራሁባት።

የተካሁትን ቁጥር አውጥቼ 417ን ወደ ቦታው መለስኩት። ዕድሜ፦ 52።

ሐምሌ 20

አባባ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ነው፤ ማህተም ላረፈበት ወረቀት ቆሞ ሰላምታ ሊሰጥ ምንም አይቀረው። ማስጠንቀቂያውንና የሐምሌ 11ን ቅጽ ኮፒ ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት። መነጽሩን አድርጎ ሁለቱንም አነበበ።

"ማህተሙ አንድ ነው" አለ።

"አንድ ነው።"

"እንግዲያ አንዱ ይዋሻል።" ወረቀቶቹን አስተካክሎ መለሰልኝ። "የፀሃዬስ፣ ጓለይ፣ ልጄ?"

ማን ነገረህ ብዬ አልጠየቅኩት። ሁለት ወር ሙሉ በላይኛው መንገድ ስዞር እያየኝ ነበር ለካ።

"ሰማንያው ነሐሴ ሁለት ነው" አለና ሬዲዮውን ከፈተ።

ከሰዓት ዙለይካን አገኘኋት። ረመዳን ነው፣ ከንፈሯ ደርቋል። ደብተሯን በስሟ መጥቀስ እንዳለብኝ፣ ሥራዋን ሊያሳጣት እንደሚችል ነገርኳት። ስሟን ልደብቀው እንደምችልም ነገርኳት።

"ጻፊው" አለችኝ። "ሙሉ ስሜን ጻፊው። ያን ቀን ስልኩን ስዘጋ ሴትዮዋ ምን አለችኝ መሰለሽ? 'ቅርብ ናችሁ አይደል?' 'አዎ፣ ደረሱ' አልኳት። እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለች። ምን ትላለች ብዬ እንቅልፍ የለኝም።"

እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። አይ እኔ!

ሐምሌ 26

አቶ መዝገቡ ትብብራቸውን ሰርዘዋል። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ ጥናቱ ከተፈቀደለት ዓላማ ውጭ ስለሄደ የጣቢያውን ሰነዶች መጠቀም ተከልክሏል፤ ከነሐሴ 3 ጀምሮም ከአምቡላንስ ወደ ንብረት ክፍል ተዛውሬያለሁ። ንብረት ክፍል! ፋሻና ጓንት ልቆጥር ነው።

ዶክተር ፈየራ፦ "ፎቶ ኮፒ አለሽ?"

"አለኝ።"

"የተሰበሰበው ፈቃድ በነበረበት ጊዜ ነው። እከራከርልሻለሁ። ኮሚቴው ግን ሊጥልሽ ይችላል፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። እነሱ ፊት የምትቀርቢበት ዲፌንስሽ ነሐሴ 10 ነው፤ እስከዚያ '417' የሚለውን አንቀጽ ብታለዝቢው..."

"አላለዝበውም።"

"'ቅጹን የሞላችው ተመራማሪዋ ራሷ ናት' ብለሽ ነው የጻፍሽው። ምን እንደሚሉሽ ታውቂያለሽ?"

"እኔ ራሴን ካልኩት አይብስም።"

ይጣሉኝ። ሁለተኛ ዓመት እቀመጣለሁ። ሦስተኛ እቀመጣለሁ። ይኸ ቁጥር ግን ከእንግዲህ አይለወጥም።

ነሐሴ 1

ምሽት ላይ ጋሽ ገብረመስቀል ቤት ድረስ መጡ። ቤታችን መጥተው አያውቁም። አልቀመጥም አሉ፣ በር ላይ ቆመው፦ "ሲስተር፣ አንድ ደቂቃ ቀንሺ ብዬ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። እሱንም ጻፊው" ብለውኝ ሄዱ።

ነሐሴ 2

ዛሬ ኢድ ነው፣ ዛሬ የፀሃዬ ሰማንያ ነው። አሁን ከዚያ ተመልሼ ነው የምጽፈው።

በታችኛው መንገድ ሄድኩ። አባባ አብሮኝ ሄደ። ድንኳኑ ውስጥ የእድሩ ሽማግሌዎች፣ አቶ መሓሪ፣ ጎረቤት፣ ሁሉም አለ። አስቻለች ጥግ ላይ ነች። ከስታ ነጠላው ወድቆባታል። ከጸሎቱ በኋላ አባባ ተነሳና "ልጄ የምትናገረው ነገር አላት" አለ። ተቀምጬ ልናገር እችል ነበር፣ ማንም አይቆጣኝም። ቆምኩ።

"አስቻለች የደወለችው ስምንት ከአስር ላይ ነው" አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ።

አቶ መሓሪ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ወረቀቱን አወጣ። ታጥፎ ታጥፎ ጠርዙ አልቋል። "ታዲያ ይኸ ምንድን ነው? ማህተም አለበት እኮ።"

"የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው። ስምንት ከአርባ አንድ ያልኩት በሩ የተከፈተበትን ነው። ውሸት ነው። ማህተም እስኪመጣ ሠላሳ ሁለት ደቂቃ በሩ ሥር ቆመናል። መድኃኒቱ እጄ ላይ ነበር። በእግሬ መምጣት እችል ነበር፣ አልመጣሁም።"

የሆነ ሰው "እንዴ!" አለ። አንዲት ሴትዮ ደረቷን መታች። ያን ጊዜ ነው ዙለይካ የገባችው፣ የኢድ ልብሷን ለብሳ፣ እጇ ላይ ገና ሒና አለ፣ ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልላ። ልጆቿን ቤት ጥላ ነው የመጣችው። ገጹን ገልጣ ለአቶ መሓሪ ዘረጋችለት። እሱ ብዙ አየው። ጠቢብ ሰው ነው፣ መምህር ነው፣ የተጻፈ ነገር ያከብራል። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት፤ በመጨረሻ ማየት አቃተኝ።

"እኔ እኮ ይኸን ይዤ ነው..." አለ፣ አልጨረሰውም።

አስቻለች ከፍራሹ ተነሳች።

"ስንት ሰዓት አልሽ?"

"ስምንት ከአስር።"

"አልሰማሁም።"

"ስምንት ከአስር!"

ወደ አቶ መሓሪ ዞረች። "ሰማህ? ዜናው እንዳለቀ ነው ብዬሃለሁ። ሰማንያ ቀን ሙሉ ራሴን ስገርፍ ከርሜያለሁ። እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር እንዴ? ስልኩ ጠፍቶብኝ ነበር እንዴ? እያልኩ። አእምሮዬን ልስት ነበር። ስምንት ከአስር ነው!" ድንኳኑን ሁሉ ዞራ አየች፣ አንድ በአንድ። አቶ መሓሪ ተንበርክኮ ጉልበቷን ሊይዝ አለ፤ "ተው፣ ተነስ" አለችው። ሽማግሌዎቹ አቀፉት።

እኔ እንድታቅፈኝ አልጠበቅኩም፣ አላቀፈችኝም። ስንወጣ ግን እስከ ደጅ ተከትላኝ መጣች። ዝናቡ ቆሟል።

"ይቅር አላልኩሽም" አለችኝ።

"አውቃለሁ።"

"ምናልባት አልልሽም ይሆናል።"

"እሺ።"

"ያ ሰውዬ፣ ማህተም ያዡ፣ ነገ ይገባል?"

"ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይገባል።"

ነጠላዋን ከአንገቷ ፈታ እንደገና ጠበቅ አድርጋ አሰረችው። እንባዋን ጠርጋ ጨርሳለች።

"በሩ ላይ ጠብቂኝ" አለችኝ። "ሰዓት አስሬ ነው የምመጣው።"